በስድስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ በሩን የከፈተው

ይሄን ከሰው አልሰማሁትም። የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው።

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ለማመን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እህቴ ዋናውን ነገር እስከ ዛሬ አታውቅም። እዚህ የምጽፈው እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ነው...

ቀኑ ሐሙስ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ቦታው ከአንድ የስብሰባ አዳራሽ አጠገብ ያለ፣ ጣሪያ የሌለው የመኪና ማቆሚያ።

ፀሐዩ አናት ይበሳል።

እኔ መሪ ይዣለሁ። አባቴ ጋቢና አጠገቤ ተቀምጧል።

ሥራዬ መኪና መሸጥ ነው። አዲስ መኪና። ስክሪኑ የትምህርት ቤት ሰሌዳ የሚያህል፣ በሩ እጀታ የሌለው፣ ባለቤቱን በፊቱ የሚለይ መኪና። እኔም አንዱን እነዳለሁ። የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ እንግዳ ይጠብቀኛል። የምናገረው ስለ ደህንነት ቴክኖሎጂ ነው።

አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የራሱ አሮጌ መኪና አለችው፤ መስታወቷ በእጅ እየተሽከረከረ የሚወርድ፣ በቁልፍ የምትነሳ። እሁድ እሁድ እህቴ ቤት ስንገናኝ በዚህ ነገር ሽንጣችንን ገትረን እንከራከራለን።

"የእኔ መኪና ስትታመም ራሷ ትናገራለች። ያንተ በአስተርጓሚ ነው" ይለኛል።

"አባባ፣ የእኔ መኪና ከመታመሙ በፊት ነው የሚናገረው።"

"ብዙ የሚያወራ ሰው ታውቃለህ አይደል? እሳት ተነሳ ያለ ቀን ማንም አይሰማውም።"

እህቴ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ።

አንድ ቀን ግን አልሳቅሁም። የመኪና ማሳያችን ድረስ መጥቶ፣ በደንበኞች ፊት አንዱን መኪና ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "የበሩን እጀታ ምን ወሰደው? ሌባ ገብቶባችሁ ነው?" አለ። ደንበኞቹ ሳቁ። አለቃዬ አልሳቀም። አባቴ ያቺን በባትሪ አሲድ የተበሳሳች ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ ነበር። አለቃዬ ጃኬቷን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሥራ ቦታዬ ድርሽ እንዳይል የማልፈጥረው ሰበብ አልነበረም።

ያን ሐሙስ ጠዋት የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። ወረፋው ረዘመ። ዓይኑ ውስጥ መድኃኒት ጨምረውበት ሁሉም ነገር ብዥ ብሎበታል። ቤቱ ላድርሰው ብል የእኔ ሰዓት ያልፋል።

"አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው አባባ። እዚሁ ጠብቀኝ።"

"ገብቼ ጥግ ይዤ ብቀመጥስ?"

"ሐኪሟ ብርሃን አይችልም አላለችም? አዳራሹ መብራት በመብራት ነው።"

ቀና ብሎ በመስታወቱ ፀሐዩን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እሺ" አለ።

ጃኬቷን ለብሷል። ያልገባው መስሏችሁ እንደሆነ... ገብቶታል።

ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ስልኬ ነዘረ።

'ተሳፋሪ የመውጫውን ቁልፍ ነክቷል።'

አዳራሹ በመስታወት ነው የተሠራው። ቀና ስል መኪናዬ ይታየኛል። አባቴ ከውስጥ በሩን እየደባበሰ ነው። አለቃዬና ትልልቆቹ እንግዶች መግቢያው ላይ ቆመዋል። ከወጣ በቀጥታ እነሱ ላይ ነው የሚመጣው።

አውራ ጣቴ ስልኩ ላይ ሄደ።

'ሁሉንም ቆልፍ' የሚለውን ተጫንኩ።

ይህ ትእዛዝ ከስልክ ሲሰጥ የውስጡ መውጫም አብሮ ይሞታል። የተሠራው ለሌባ ነው። መስታወት ሰብሮ እጁን ቢያስገባ እንኳ ከውስጥ እንዳይከፍት።

እኔ አባቴን ቆለፍኩበት።

ስድስት ከዘጠኝ... 'መኪናው ውስጥ እንቅስቃሴ አለ።' መልእክቱን በጣቴ ጠረግኩት።

ስድስት ከአሥራ አራት... 'ተሳፋሪ የመውጫውን ቁልፍ ነክቷል።' አሁንም 'ቆልፍ' አልኩ።

ስድስት ከሃያ መድረክ ላይ ነበርኩ። ስልኩን በእጄ ይዣለሁ፤ ከኋላዬ ያለውን ምስል የምቀያይርበት በእሱ ነው።

'የውስጥ ሙቀት 41 ዲግሪ።'

አየሁት። አላየሁትም ብል ይቀለኝ ነበር... ግን አየሁት። ከዚያ ጠርጌው ንግግሬን ቀጠልኩ።

"ይህ መኪና" አልኩ፣ "ውስጡ ያለውን ሰው መቼም አይረሳም።"

ተጨበጨበልኝ።

ከመድረክ ስወርድ ስድስት ከአርባ ሆኗል። እንግዶች እጄን ሊጨብጡ መጡ። በመካከላቸው እየገፋሁ ወጣሁ። ከበሩ ጀምሮ ሮጥኩ።

መኪናው ጥርቅም ብሎ ተቆልፏል። መስታወቶቹ በሙሉ ዝግ ናቸው።

ውስጡ ማንም የለም።

አባቴን ያገኘሁት ከማቆሚያው አጥር ግንብ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ነው። የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጃኬቷ ተጣጥፋ ጉልበቱ ላይ ናት። ፀጉሩ ርሷል። በእጁ ግማሽ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ይዟል።

"አባባ... ደህና ነህ?"

ድምፄ ወዳለበት ዞረ። ዓይኑ ገና አልጠራለትም።

"ግባና ሥራህን ጨርስ አላልኩህም? ደግሞ ለምን ተመለስክ?"

"መቼ?"

"አሁን ነዋ። ካወጣኸኝ በኋላ።"

ክው አልኩ።

"ማን አወጣህ?"

"እንዴት ማን? አንተ ነሃ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ተው ልጄ፣ አትጨነቅ። አልሞትኩም። እንደዚያ ማልቀስም አልነበረብህም። መሬት ላይ ተንበርክከህ... ሰው ያየናል ስልህም አልሰማኸኝ።"

የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ ከጎጆው ብቅ አለ። ሸምገል ያለ፣ ሰላምተኛ ሰው ነው።

"አባትዎ ተሻላቸው?" አለኝ። "ጠርሙሱን ግን ሲጨርሱ ቢመልሱልኝ። ሌላ የለኝም።"

"የቱን ጠርሙስ?"

"ቅድም ከእኔ የወሰዱትን ነዋ።" ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ሸሚዝዎ ቶሎ ደረቀልዎት።"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። 'እኔ አይደለሁም አባባ፤ እኔ የቆለፍኩብህ ነኝ' ማለት እችል ነበር።

የአባቴን ትከሻ ያዝኩና፣ "አይዞህ፤ ደርሼልሃለሁ" አልኩት።

የሌላ ሰው እንባ ለራሴ ወሰድኩ።

ማታውን እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት፤ እናታችን ካለፈች ወዲህ ሁለታችንንም የምትቆጣው እሷ ናት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገርኳት። በሩ በራሱ ጊዜ ተቆለፈ፤ ኤሌክትሮኒክሱ ነው የተበላሸው፤ እኔ ባልደርስ ኖሮ...

"ድሮም ያ የቴሌቪዥን ሳጥን አላማረኝም" አለች። "ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ መውጫ እንዴት ያጣል? የአባባ አሮጌ መኪና ብትሆን እጀታዋን ሳብ አድርጎ ይወጣ ነበር።"

"እውነትሽን ነው" አልኳት።

"አንተ ባትኖር ምን እንሆን ነበር? ዕድሜህን ያርዝመው የእኔ ወንድም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ግን ዝም አልኩ። መኪናው አፍ የለው፣ አይከራከረኝ። ሁሉን ነገር እሱ ላይ ጫንኩት።

እህቴ ካላስመረመርከው አልለቅህም ብላ ስላስጨነቀችኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት 'ብሎን' ዘንድ ወሰድኩት። ብሎን የምንለው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ አንዴ ከያዘ የማይላቀቅ ሰው። ኮምፒውተሩን ሰካና መኪናው የመዘገበውን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ።

አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

"ብልሽት የለውም" አለ።

"በሩ እኮ ራሱ..."

"ስድስት ከሁለት። ተቆለፈ። ከባለቤቱ ስልክ።" ቀና ብሎ አላየኝም። "ስድስት ከአሥራ አራት። ድጋሚ። ከባለቤቱ ስልክ።"

ጋራዡ ውስጥ አንድ ጎማ የሚነፋ ማሽን ይጮሃል። የሚሰማኝ ግን የራሴ ትንፋሽ ነበር።

"ለማንም አልናገርም" አለ ቀስ ብሎ። "የሰው ገመና ለእኔ ምኔም አይደለም።"

"ብሎን..."

"ደግሞም መጥተህ ከፍተህላቸዋል።" ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። "ይኸው። ስድስት ከሠላሳ አንድ። የጋቢና በር ተከፈተ። ከውጭ። ሹፌር አንድ፣ ፊቱ ተለይቷል። ስድስት ከሠላሳ ሦስት፣ ራሱ መልሶ ቆለፈ።"

ሹፌር አንድ እኔ ነኝ። መኪናው ላይ የተመዘገበ ሌላ ፊት የለም።

በስድስት ከሠላሳ አንድ እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ። የተቀረጸው ቪዲዮ አለ። ከጀርባዬ ግድግዳ ላይ ሰዓት ይታያል። ቤቴ ሄጄ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ... እያወራሁ ነው። እየሳቅሁ ነው።

ሐኪሟ ለአባቴ የዓይን ጠብታ አዛለት ነበር፤ እይታው እስኪጠራ ሳምንታት ይፈጃል ብላለች። በቀን ሦስት ጊዜ። የጠዋቱንና የማታውን ጎረቤቱ፣ ደግ ሴት ናት፣ ትጨምርለታለች። የቀኑን እኔ መጥቼ እጨምራለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ከሥራ ቦታዬ ቤቱ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ሃያ ሁለት።

ዓርብ አልሄድኩም። ቅዳሜም እሁድም አልሄድኩም። እሁድ እህቴ ቤትም አልተገኘሁም፤ ራሴን አመመኝ አልኩ። ሥራ በዛብኝ፣ ራሴን አመመኝ... እውነቱ ፊቱን ለማየት ፈርቼ ነው።

ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይቅርታ ልጠይቀው ደወልኩ።

"አባባ፣ ዛሬም አልተመቸኝም..."

"ምን ትላለህ?"

"ጠብታውን። ልመጣ አልቻልኩም።"

"አሁን ከቤት ወጥተህ አይደል እንዴ? ገና በሩን ዘግቼ መመለሴ ነው።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

"ይልቅ ልጄ፣ ሐኪም ታይ" አለኝ። "እጅህ ለምን እንዲህ ይቀዘቅዛል? ዓርብ ዕለትም እንደዚሁ ነበር። ዓይኔን ስትነካው እንደ ብረት ነው።"

ስልኩን ዘግቼ ወደ ምድር ቤቱ ማቆሚያ ወረድኩ። መኪናዬ ያቆምኩት ቦታ ላይ ነው። በሩን ከፈትኩ። የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ጠዋት ልብ ብዬው ነበር፤ ሥራዬ ስለሆነ ሳላስበው አያለሁ።

ሃያ ሁለት ጨምሯል።

መሪውን ያዝኩት። እርጥብ ነው። ወንበሩም እርጥብ ነው፤ አንድ ሰው ላብ በላብ ሆኖ እንደተነሳበት።

በዚያች ምድር ቤት ውስጥ እኔ ይበርደኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ብሎን ዘንድ ሮጥኩ። "ሁሉንም ንቀለው" አልኩት። "ከስልክ የሚያገናኘውን፣ ካሜራውን፣ ፊት የሚለየውን... ተራ መኪና አድርግልኝ።"

"ምን ሆነህ ነው?"

"እንደ አባቴ መኪና አድርገው።"

ለረጅም ጊዜ አየኝ። "ይሄ እንደዚያ አይሆንም" አለ። "የሚነቀለውን ግን እነቅልልሃለሁ።"

ነቀለው፤ ከዚያ ወዲያ በመጠባበቂያው ቁልፍ ብቻ ነው የሚከፈተው። የባትሪውን ገመድ የመፍታት ዘዴም አሳየኝ። ቢሮ እንደደረስኩ መኪናውን መስኮቴ ሥር፣ ዓይኔ የማይለየው ቦታ ላይ አቆምኩት። ገመዱን በገዛ እጄ ፈታሁት። መኪናው ከዚያ በኋላ የብረት ሳጥን ነው፤ መብራት እንኳ አይበራም።

ከአምስት ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ቆምኩ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። አልተንቀሳቀሰም።

ስድስት ከሩብ። አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ወፍ ጣሪያው ላይ አርፋ ሄደች።

ስድስት ከሠላሳ አንድ ላይ ለአባቴ ደወልኩ። ዓይኔን ከመኪናው ላይ አላነሳሁም።

ስልኩ ተነሳ።

"ሃሎ... ቆይ፣ ዓይኔ ውስጥ እየተጨመረልኝ ነው" አለ አባቴ። "ማን ልበል?"

"አባባ፣ እኔ ነኝ።"

"ማን?"

"ልጅህ ነኝ።"

ከዚያ አባቴ አፉን ከስልኩ ራቅ አድርጎ አጠገቡ ላለ ሰው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

"ልጅህ ነኝ ይለኛል..."

ከጀርባው የሆነ ድምፅ ነበር። ሰው አፉን በእጁ አፍኖ ሲያለቅስ የሚሰማ ድምፅ። አውቀዋለሁ። እናቴ የሞተች ቀን ሽንት ቤት ተደብቄ ያለቀስኩት እንደዚያ ነው።

ስልኩ ተዘጋ።

መኪናው ከመስኮቴ ሥር ቆሟል። ወርጄ ገመዱን አሰርኩና ቁጥሩን አየሁ።

ሃያ ሁለት ጨምሯል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አልደወልኩም። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል... ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍርሃቱ ሳይሆን ሀፍረቱ ነው የገደለኝ። አንድ የማላውቀው ነገር በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አባቴ ዘንድ ይሄዳል። ጠብታውን ይጨምርለታል። እህቴ ደውላ፣ "አባባ ባንተ እንዴት እንደሚኮራ! አንድ ቀን አላጓደለም እያለ ነው" ትለኛለች። እኔም "ግዴታዬ ነው" እላለሁ።

ለአባቴ ፈርቼ እንኳ ሄጄ አላስጣልኩትም። እጄን አጣጥፌ ቢሮዬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር... ተመቸኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አባቴ ራሱ ደወለ።

"ዓይኔ ጠራልኝ" አለ። ድምፁ ደስታ የለውም።

"እንኳን ደስ ያለህ አባባ።"

"ዛሬ አንተ ና።"

"በየቀኑ እየመጣሁ አይደል እንዴ?"

አያችሁ... አሁንም ዋሸሁ።

ስልኩ ውስጥ ትንፋሹን ሰማሁት። አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ።

"አንተ ና አልኩህ" አለኝ።

ስድስት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ግቢው ጠባብ ነው፤ አንድ በር፣ ሁለት ደረጃ፣ በሸራ የተሸፈነችው አሮጌ መኪናው። የእኔን መኪና ከውጭ፣ ከበሩ ፊት ለፊት አቆምኩት። መኪናውን ቆለፍኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

አባቴ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ዓይኑ እንደ ጥንቱ ሆኗል፤ ሩቅ መንገድ እንዳየ ሰው ዓይን። ፊቴን አየው። ከግንባሬ እስከ አገጬ አየው።

"አዎ" አለ ለራሱ። "ይሄኛው ነህ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ፤ አንድ ክንድ የሚያህል ክፍተት በመካከላችን ትቶ።

"አባባ... አንድ ነገር ልነግርህ ነው።"

"ንገረኝ።"

"ያን ቀን በሩ አልተበላሸም።"

አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

"መኪናው ምንም አልሆነም። ልትወጣ ስትል አየሁህ። በመስታወቱ አየሁህ። እና... እኔ ነኝ የቆለፍኩብህ። በስልኬ። ሁለት ጊዜ። ሙቀቱንም ነግሮኝ ነበር። አርባ አንድ ሆነ ብሎ ነገረኝ። ሰዎቹ እንዳያዩህ ብዬ ነው። ጃኬትህን እንዳያዩ።"

ተናግሬ ስጨርስ ራሴን ቀና ማድረግ አቃተኝ። እንዲመታኝ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

"አውቃለሁ" አለ አባቴ።

"እህ?"

"ነግሮኛል። በመጀመሪያው ቀን ነው የነገረኝ፤ ከመኪናው ሲያወጣኝ። 'አባባ፣ አፍሬብህ ነው የቆለፍኩብህ' አለኝ። ዓይኔ አያይም ነበር፤ አንተ መስለኸኝ ይቅር አልኩት።"

ፀሐዩ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። እኔ ግን ተንቀጠቀጥኩ።

"ከዚያስ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ከዚያ በየቀኑ መጣ። ይጨምርልኛል፣ ይቅር በለኝ ይላል፣ ይሄዳል። ይቅር ብዬሃለሁ እለዋለሁ። በነጋታው ደግሞ ይመጣል።" አባቴ መዳፎቹን አፋተጋቸው፤ ብርድ እንደያዘው ሰው። "ትናንት ዓይኔ ጠርቶ አየሁት።"

"ማን ነው?"

ወደ አሮጌ መኪናው ዞሮ አየ።

"አባባ፣ ማን ነው? እኔን ይመስላል?"

"መልኩ ያንተ ነው" አለ በመጨረሻ። "አንተ ግን እንዲያ ሆነህ አታውቅም።"

ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ግቢው በር አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት አይደለም። ልጅ ሲያጠፋ የሚያይ አባት ፊት ነው።

"አሁንም እዚያ ተቀምጧል" አለኝ። "አንተ ስላለህ አይገባም። ያፍራል።"

አንገቴ ሊዞር ሲል የእጄን አንጓ ጨብጦ ያዘኝ።

"አትየው" አለ በጣም ቀስ ብሎ። "ካየኸው ይብስበታል።"

አላየሁትም። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

ፀሐይዋ ከውጭ ናት፤ የመኪናዬ ጥላ በተከፈተው የግቢ በር ገብቶ እግሬ ሥር ደርሷል። የጣሪያው ጥላ፣ የመስታወቱ ጥላ... መሪው ላይ የተደፋ የአንድ ሰው ራስ ጥላ።

ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ጥላው ያን ያህል ርዝመት ሊኖረው አይገባም ነበር።

የጥላው ራስ ቀና አለ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በጨበጥኩት መጠን መዳፌን ሲወጋኝ ይሰማኛል። የበር ድምፅ አልሰማሁም። የእግር ድምፅ አልሰማሁም።

እግሬ ሥር ግን፣ በጥላው ላይ፣ የመኪናው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ...